ፓኬጅና ቋጠሮ

ገበሬ «ፓኬጅ ገባሁ» ሲል የሰማ እንግሊዝ ግራ ሳይጋባ አይቀርም። በእርሱ ቋንቋ ፓኬጅ የሚታሰርና የሚላክ ዕቃ ነው፤ ሰው አይገባበትም። ሥሩ «ፓክ» ነው፤ ከሆላንድና ከፍላንደርስ ሰዎች አፍ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ሸክምና ጥቅል ማለት ነበር። የጣሊያን ዘመዱ «ፓኮ» ደግሞ እኛ ዘንድ ቀድሞ ደርሶ «ባኮ» ሆነና ከሲጋራው ጋር በየሱቁ ተቀመጠ።

ሰቆጣ ለሸክም እንግዳ አይደለችም። አሞሌ ጨው ከአፋር ቆላ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ደጋውን ወጥቶ ወደ ላስታና ወደ ጎንደር ሲያልፍ ከታላላቅ ገበያዎቹ አንዷ እርሷ ነበረች። አሞሌው እንዳይሰበር በልጥ ይታሰራል፤ የተሰበረ አሞሌ ዋጋው ይወርዳልና። በአንድ ልጥ የአገር ገንዘብ ክብሩን ጠብቆ ይጓዝ ነበር። (ብር ሲያስር ለሚውል የባንክ ሠራተኛ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።)

አማርኛም ለዚህ የራሱ ቃል አለው፤ ቋጠሮ። ስንቅ ይቋጠራል፤ ሳንቲም በነጠላ ጫፍ ይቋጠራል፤ አዝመራው ፍሬ ይቋጥራል፤ ቂምም ይቋጠራል። በሁሉም ዘንድ ቋጣሪው ባለቤቱ ነው፤ ሲሻ ይፈታዋል። «ውል» የምንለውም የቋጠሮው መፍቻ ነው፣ የስምምነቱም ወረቀት ነው። ውሉ የጠፋ ቋጠሮ አይፈታም።

ፓኬጅ ግን ሌላ ሰው ቋጥሮ የሚያቀብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ በጭላሎ የተጀመረው የግብርና ልማት በ1971 «ሚኒመም ፓኬጅ» የሚባለውን መርሐ ግብር ወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌአለሁ)። ሐሳቡ የሚናቅ አልነበረም። ምርጥ ዘር ያለ ማዳበሪያ፣ ማዳበሪያም ያለ ብድርና ያለ ምክር ብዙ አይራመድምና ሁሉም በአንድ ይሰጥ ነው። ከ1993 ጀምሮ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በሠርቶ ማሳያ እርሻ ያሳየውን መንገድ መንግሥት ተቀብሎ በ1995 በአገር አቀፍ ደረጃ ዘረጋው።

ዝናብ ግን በጥቅሉ ውስጥ አልነበረም። በዋግ ክረምቱ አጭር ነው፤ ዘግይቶ ይገባል፣ ፈጥኖም ይወጣል። ዝናቡ ሲቀር ማዳበሪያው ያለ ፋይዳ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ የዕዳው ቀን ግን በቀጠሮው ይደርሳል። በወይና ደጋው ለጠገበ ማሳ የተቋጠረን ነገር የተከዜ ተፋሰስ ቆላ ላይ እንዳለ መፍታት፣ በእኔ አስተያየት፣ የሰውን ልክ ሳይለኩ ልብስ መስፋት ነው። በኋላ የምግብ ዋስትና በጎደለባቸው ወረዳዎች «የቤተሰብ ፓኬጅ» መጣና ፍየልና የንብ ቀፎ ከአማራጮቹ ገቡ። ፍየልና ማር ለሚያውቅ የዋግ ሰው ይህ ቀረብ ይላል። ነገር ግን እርሱም በብድር ነው፤ ፍየሏ ብትሞት ውሉ አይሞትም።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ ልጓም አጣ። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን 16 ፓኬጆች ይዞ ተነሣ፤ የመጸዳጃ ቤት አቆፋፈር ሳይቀር ፓኬጅ ተባለ። ስልኩ ሲመጣ ቴሌ «ጥቅል» ብሎ የአማርኛውን ቃል መለሰልን፤ ለዚህስ ምስጋና ይገባዋል። በ2015 ደግሞ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስቀረት ቃል ሲገባ፣ ስሙ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ሆነ። ኪዳንም ውል ነው፤ በዚህኛው ግን ባለዕዳው ገበሬው አይደለም።

ከዚያ ሁሉ ፓኬጅ በየጎተራው ጥግ የቀረው ከረጢቱ ነው። ሕዝቡ የላስቲኩን ጆንያ በቀድሞ ይዘቱ «ማዳበሪያ» ብሎ ሰየመው። የዕርዳታ ስንዴ ቢሞላ፣ ከሰል ቢሞላ፣ የራስ ማሽላ ቢሞላ ስሙ አይለወጥም። አጥበው ያደርቁታል፤ ሞልተው አፉን በገመድ ይቋጥሩታል፤ ገበያ ላይም ገዢው ጎንበስ ብሎ «ይህ ማዳበሪያ ማሽላ ስንት ነው?» ይላል።