ለአገር መሪ የሚበልጠው የቱ ነው? የሥራ ልምድ ወይስ የግል ጠባይ?

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶቻችን። የዚህ ምሳሌ ምሥጢሩ ማዕርግ ከመቀበል በፊት ለማዕርጉ የሚገባውን ዕውቀትና ልምድ መያዝ እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ነው። ነገር ግን ተምሮ ከጠመጠመ በኋላ ሕዝብን የበደለ ሰውም አልታጣም። ስለዚህ አገርን ለመምራት የሚበልጠው የመንግሥት ሥራ ልምድ ነው ወይስ የግል ጠባይ? የሚለው ጥያቄ በተማሪዎች ክርክር ላይ ዘወትር ይነሣል። እኔም በዚህች አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በታሪክ ሚዛን ለመመዘን እሞክራለሁ። ለዚህም ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከመካነ ሰላም ተነሥቶ የቦረናንና የለጋምቦን ደጋ አልፎ ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚዘልቅ መንገደኛ መቅደላ አምባን ያገኛል። በዚያች አምባ ላይ ሁለት ታላላቅ የኢትዮጵያ ሰዎች፥ አንደኛው ጌታ ሁለተኛው እስረኛ ሆነው ተገናኝተዋል።

በቅድሚያ የቃላቱን ትርጉም እንወስን። ልምድ ስንል ሰውን የማስተዳደር፥ የመደራደርና የመንግሥትን ሥራ ከውስጥ የማየት ትምህርት ማለታችን ነው። ጠባይ ስንል ደግሞ ድፍረትን፥ ቅንነትን፥ ትዕግሥትንና ራስን መግዛትን ማለታችን ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በቋራ ያደጉት ካሣ ኃይሉ ናቸው። የዘመነ መሳፍንትን መኳንንት በየተራ እየመቱ፥ በሰኔ 1845 ዓ. ም. በአይሻል ራስ ዓሊን፥ በየካቲት 1847 ዓ. ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው ነገሡ። ስለ ድፍረታቸውና ስለ አገር ፍቅራቸው የሚከራከር የለም። የቸርነት ጠባይም ነበራቸው። በ1848 ዓ. ም. ሸዋን ባስገበሩ ጊዜ የማረኩትን የሸዋውን አልጋ ወራሽ ምኒልክን በመቅደላ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ የደጃዝማችነት ማዕርግ ሰጥተው ልጃቸውን ወይዘሮ አልጣሽን ዳሩላቸው።

ታዲያ ምን ጎደላቸው? የጦር ሜዳ ልምድ ሞልቷቸው ነበር፤ ሰውን በምክር የማግባባት ልምድ ግን አልነበራቸውም። የካህናትን ቁጥር ወስነው የተረፈውን የቤተ ክርስቲያን መሬት ለገባር ለመስጠት ባሰቡ ጊዜ፥ ካህናቱን ሳያሳምኑ ስለ ጀመሩት ሕዝቡ ከእርሳቸው ራቀ። ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ. ም.፥ አማካሪያቸው ጆን ቤል በ1853 ዓ. ም. ካረፉ ወዲህ ቁጣቸውን የሚያበርድላቸው ሰው ጠፋ። በመጨረሻውም ዘመን ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን የሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ሲያስጎትቱ፥ እርሳቸው ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ሠሩ። ይህን የመሰለ ጽናት በታሪክ ብዙ አይገኝም። ነገር ግን መንገዱ የሚያልፍበት አገር ሁሉ ሸፍቶባቸው ነበር። የእንግሊዝ ጦር አምባውን በያዘ ዕለት፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም.፥ እጃቸውን ለጠላት አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ።

ምኒልክ ግን ወደ ዐሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በመቅደላ ሲኖሩ፥ እስር ቤቱን ትምህርት ቤት አደረጉት። አንድ ኃያል ንጉሥ በምን እንደሚከበር፥ በምን እንደሚጠላ በዓይናቸው አዩ። በሰኔ 1857 ዓ. ም. ከአምባው አምልጠው የወሎዋን ባላባት ወይዘሮ ወርቂትን ተማጠኑ። የወይዘሮ ወርቂት ልጅ በዚያው በመቅደላ ታስሮ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በቁጣ ከሌሎች እስረኞች ጋር አስገደሉት። እርሳቸው ግን የተማጠናቸውን እንግዳ ለሸዋ አበቁት። አንባቢ ሆይ፥ የጠባይ ነገር ከተነሣ ይህችን የወሎ እናት መርሳት አይገባንም።

ምኒልክ ያዩትን አልረሱም። በ1870 ዓ. ም. የዐፄ ዮሐንስ ኃይል እንደሚበልጥ ባወቁ ጊዜ በልቼ ድንጋይ ተሸክመው ገቡ፤ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። በ1874 ዓ. ም. በእምባቦ ድል አድርገው የማረኳቸውን የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በክብር ያዟቸው፤ እኒያው ንጉሥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በዐድዋ ከጎናቸው ተሰለፉ። የወሎው ራስ ሚካኤልም ከሠራዊታቸው ጋር በዚያው ነበሩ። ለዘመቻው ክተት ሲታወጅ ከሠራዊቱ መሰብሰቢያዎች አንዱ የኛው ወረ ኢሉ ነበር። እርግጥ ነው፥ ዐፄ ምኒልክ ወሎንና ሌላውንም አገር ሲያስገብሩ ብዙ ደም ፈስሷል፤ ይህን መሸሸግ ታሪክን ማጉደል ይሆናል። ቢሆንም የትላንቱን ተቃዋሚ የዛሬ ረዳት ማድረግ የቻሉት፥ ልምዳቸው ትዕግሥትን ስላገኘ ነው።

ሦስተኛው ምስክር የወሎው ተወላጅ ልጅ ኢያሱ ናቸው። በ1901 ዓ. ም. ገና ልጅ ሳሉ አልጋ ወራሽ ተባሉ። ሞግዚታቸው ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ. ም. ሲያርፉ የሚያሠለጥናቸው አጡ። ሰው ወዳድና ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ጋር የሚወዳጁ ነበሩ፤ በከሳሽና በተከሳሽ ላይ የሚደርሰውን የቁራኛ ልማድ ለማሻሻል ሞክረዋል። ነገር ግን ዋና ከተማውን ትተው መዘዋወር አበዙ፤ መኳንንቱን ማግባባት ቸል አሉ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ. ም. ከሥልጣን ተሻሩ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሊረዷቸው ዘምተው ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ድል ሲሆኑ፥ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው በሁለቱም ወገን አለቀ። የመሪ ጉድለት ዕዳው በመሪው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ገበሬውም ከነልጁ ይከፍለዋል።

«ይህ ሁሉ ለልምድ ይመሰክራል» የሚል ተከራካሪ ይኖር ይሆናል። ለእርሱ የአሜሪካን ታሪክ እንጠቅስለታለን። ጄምስ ቡካነን የሕዝብ እንደራሴ፥ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል፥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፥ በሩስያና በእንግሊዝ የአገሩ መልእክተኛ ሆኖ ከሠራ በኋላ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1857 ፕሬዚዳንት ሆነ። ያ ሁሉ ልምድ ግን ቆራጥነትን አልሰጠውም፤ ሥልጣኑን ሲለቅ ሰባት ግዛቶች ተገንጥለው ነበር። ተተኪው አብርሃም ሊንከን በአገሪቱ ምክር ቤት የሠራው ሁለት ዓመት ብቻ ሲሆን፥ ተፎካካሪዎቹን ሚኒስትሮቹ አድርጎ፥ ዘለፋቸውን ታግሦ የአገሩን አንድነት አዳነ።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? በእኔ አሳብ የሚቀድመው ጠባይ ነው፤ ነገር ግን ጠባይ ሁሉ አይደለም። ድፍረት ብቻውን መቅደላ ላይ ቀርቷል፤ ደግነት ብቻውንም ሰገሌ ላይ ተሸንፏል። ለመሪ የሚያስፈልገው ጠባይ ከሌላው ስሕተት የሚማር፥ ተግሣጽን የሚሰማ፥ ቁጣውን የሚገዛ ጠባይ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ልምድ ባይኖረው እንኳ ያገኘዋል፤ ይህ ጠባይ የሌለው ግን አርባ ዓመት ቢሾም ያው በመጀመሪያው ዓመት እንደ ነበረ ይኖራል።

ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ! ይህ ጠባይ በሹመት ቀን አብሮ የሚሰጥ ካባ አይደለም። የክፍል አለቃ ስንሆን፥ በክበብ ስንሰበሰብ፥ በኳስ ሜዳ ስንሸነፍ የሚለመድ ነው። የከተማችን ስም የሰላም ቦታ ማለት ነው። ነገ ከመካከላችን ለወረዳም ሆነ ለአገር የሚሾም ቢገኝ፥ ስሟን በሥራው እንዲያስመሰክርላት ከአሁኑ እንዘጋጅ።