የቴዲ ስልክ ቁጥር

እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ኢየሩሳሌም ስንገባ ከንቲባው ቴዲ ኮሌክ ነበሩ። ያረፍንበት ሆቴል ዘበኛ ወፍራሙን የስልክ ማውጫ ገልጦ ስማቸውን በጣቱ አሳየኝ። የቤታቸው ቁጥር እንደ ማንም ነዋሪ ታትሟል! እኔ የማውቀው ከንቲባ በአጀብ የሚሄድ ነው።

ቪየና ያደጉት ሰውዬ ከ1965 ጀምሮ 28 ዓመት በወንበሩ ቆዩ። ማልደው ከተማውን ይዞሩ፣ ማታ ኮንሰርት ላይ ፊት ተቀምጠው ያንቀላፉ ነበር። በ1966 ባቋቋሙት የኢየሩሳሌም ፋውንዴሽን ከውጭ ባለጸጎች ገንዘብ እየለመኑ መናፈሻ አሠሩ። በጁን 1967 በምዕራባዊው ግንብ አጠገብ የነበረው የአረቦቹ የሙግራቢ ሰፈር በሌሊት ሲፈርስም ከንቲባው እሳቸው ነበሩ፤ አብረውኝ የሠሩ የምሥራቅ ኢየሩሳሌም ሰዎች ይህን አይረሱም።

በ1993፣ በ82 ዓመታቸው፣ በምርጫ በኤሁድ ኦልመርት ተሸነፉ። የከተማዋ ኳስ ሜዳ ግን ዛሬም በስማቸው «ቴዲ» ነው የሚባለው።