እስቲ መቶ ሜትር ሩጡና እናውራ

«ሩጫ በደማችን ነው» እንላለን። ኦሊምፒክ በመጣ ቁጥር ካፌው ሁሉ ይህችን አባባል ይደግማታል። አንዱ አትሌታችን ሦስተኛ ሲወጣ ደግሞ «ነሐስ ብቻ?» እያልን ማኪያቷችንን እናማስላለን። በደም የተገኘ ነገር ምን ድካም አለው?

እስቲ ዛሬ ደሙን እንተወውና ሰዓቱን እንይ። (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ባዶ እግሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሂሳቡን ግን ስንቶቻችን ሠርተነዋል? እያንዳንዷን 100 ሜትር በአማካይ በ19 ሰከንድ ገደማ ሮጧታል። እንዲህ ያለች 100 ሜትር ማራቶን ውስጥ ከ420 በላይ አለች።

ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ «ማርሽ ቀያሪው» ምሩፅ ይፍጠር 10 ሺህ ሜትሩን በ27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ አሸነፈ። 100 ሜትሯ ወደ 16.6 ሰከንድ ወረደች። ነሐሴ 20 ቀን 1997 ዓ.ም. ደግሞ ቀነኒሳ በቀለ ብራስልስ ላይ 26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጠ። ይህን ክብረ ወሰን ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ የሰበረው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. ነው። የቀነኒሳ 100 ሜትር 15.8 ሰከንድ ገደማ ነበረች። ያውም መቶ ጊዜ፣ ያለ እረፍት።

15.8 ሰከንድ ስትባል ቀላል ትመስላለች። እኛም አምስት ሆነን፣ 100 ሜትር ለክተን፣ በሞባይል ሰዓት እየያዝን ሞከርናት። ካለን ጉልበት አንዲት ጠብታ አላስቀረንም። ከመካከላችን ፈጣኑ 15 ከምናምን ገባ፤ የቀረነው ከ17 በላይ። ፈጣኑን «ድገማት» አልነው። ሁለተኛዋን በ18 ጨረሰ። ሦስተኛዋ ላይ መሬት ተቀመጠ። ለቀነኒሳ ገና 97 ይቀሩታል!

ደማችን እኮ ከእነሱ ደም የተለየ አይደለም። የተለየው ሌላ ነገር ነው። አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን በፕሮግራም ያሠለጥነው ነበር። ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር፤ ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ የሚሮጠው ያኔ ደብተር ይዞ ስለለመደ ነው።

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ይኸው ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀደመው። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ አንደኛውና ሁለተኛው የተለያዩት በ0.12 ሰከንድ ነበር። ከ10 ሺህ ሜትር በኋላ የተገኘው ልዩነት ከመቶ ሜትሩ አነሰ ማለት ነው። ቴርጋት ብር ወሰደ። «ብር ብቻ» የሚለው ካለ እጁን ያውጣ።

«በደማችን ነው» ስንል የምናሞግሳቸው ይመስለናል። ግን በዚህች አንዲት ቃል የስንት ዓመት ንጋት ልምምዳቸውን እንሰርዛለን። ሲያሸንፉ ድሉን ለደማችን እንሰጠዋለን፤ ሲሸነፉ ጥፋቱን ለእነሱ። ይህ ደግሞ ፍርድ አይደለም።