ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ፦ የእንጦጦ ተዳፋት አሠልጣኝ

ከጉለሌው ቁስቋም በላይ ያለው የእንጦጦ ተዳፋት ለአካባቢው ነዋሪ የባሕር ዛፍ ጫካ፣ እናቶች የማገዶ ሸክም ተሸክመው የሚወርዱበት መንገድ ነው። ለኢትዮጵያ ሯጮች ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የልምምድ ስፍራ ነው። ከዚህ ስፍራ ጋር ስማቸው አብሮ ከሚነሣ አሠልጣኞች መካከል ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። የብሔራዊ ቡድኑን የረጅም ርቀት ሥልጠና በመሩበት ዘመን፣ ከባርሴሎና እስከ ቤጂንግ ኦሊምፒክ፣ ኢትዮጵያ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ብቻ 11 ወርቅ አግኝታለች።

ወልደመስቀል በወጣትነታቸው ራሳቸው ሯጭ ነበሩ፤ የአሠልጣኝነት ትምህርታቸውን የተከታተሉት በሃንጋሪ ነው። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ስመ ጥሩ አሠልጣኝ ንጉሤ ሮባ ምሩጽ ይፍጠርን በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ለድርብ ወርቅ አብቅተዋል። ከዚያ በኋላ ግን አገሪቱ በሎስ አንጀለስና በሴኡል ኦሊምፒኮች ሳትሳተፍ ቀረች። በሁለት ኦሊምፒክ መካከል የተፈጠረው የ12 ዓመት ክፍተት ለብዙ ሯጭ መላ የሩጫ ዘመኑ ነው።

ክፍተቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ሲዘጋ፣ ከአርሲ የገበሬ ቤት የወጣችው ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ወርቁን ወሰደች። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ቀድማ ስትሮጥ ደራርቱ እግር በእግር ተከተለቻት። ሜየር ተራ እንድትይዝላት ብትፈልግም ደራርቱ ወደ ፊት አልወጣችም፤ አፈትልካ የሄደችው በመጨረሻው ዙር ነበር። በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች።

ለዚህ ዓይነቱ ውጤት ከፍታ ብቻውን አይበቃም። በደጋ አየሩ ስስ በመሆኑ ሰውነት ኦክስጅን ተሸካሚ የሆኑትን ቀይ የደም ሴሎች ያበዛል፤ ይሁን እንጂ በዚያው ከፍታ ዘወትር በፍጥነት መሮጥ ያዳክማል። ስለዚህ ሯጮች በእንጦጦ ጫካ ረጋ ያለ ሩጫና ዳገት ይሠራሉ፤ ለፍጥነት ዝቅ ወዳለው አቃቂ ይወርዳሉ፤ በሰንዳፋ በረጅሙ መንገድ ይሮጣሉ፤ በመም ላይ ሰዓታቸውን ይፈትሻሉ። ደጋና ቆላን እያፈራረቀ ለሚያርስ ገበሬ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ እያንዳንዱ መሬት የሚሰጠው ለየቅል ነው።

የወልደመስቀል ዋነኛ መለያ ግን ጥብቅ ሥነ ሥርዓትና የጋራ ልምምድ ነው። ሻምፒዮኑም ትናንት ከገጠር የመጣውም አብረው ይሮጡ ነበር። በ1993 ዓ.ም. መባቻ በሲድኒ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀደመ፤ ደራርቱና ሚሊዮን ወልዴም ወርቅ አገኙ። በ1995 ዓ.ም. በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና የወንዶች 10,000 ሜትር ቀነኒሳ በቀለ፣ ኃይሌና ስለሺ ስህን ተከታትለው ገቡ። በ1997 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ደግሞ በሴቶች 5,000 ሜትር ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያሉት ሁሉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፦ ጥሩነሽ ዲባባ፣ መሠረት ደፋር፣ እጅጋየሁ ዲባባና መሰለች መልካሙ። በአንድ ቤት ሁለት እህትማማቾች ሜዳሊያ ማግኘታቸው ራሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ብዛቱ ግን ችግርም አመጣ። ኦሊምፒክ ለአንድ አገር በአንድ ርቀት ሦስት ሯጭ ብቻ ይፈቅዳል፤ አራተኛው ሰው የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን እቤት ይቀራል። በዚያ ላይ በውጭ አገር ውድድሮች የገንዘብ ሽልማት ሲበዛና አትሌቶች የየራሳቸውን ማናጀርና አሠልጣኝ ሲይዙ፣ ሁሉንም በአንድ ጫካ ማለዳ መሰብሰብ እየከበደ ሄደ። ማናጀሩ ስለ አንድ ሰው ያስባል፤ የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ግን ሦስቱ ተጋግዘው እንዲያሸንፉ ማሰብ አለበት። ሁለቱን ማስታረቅ ዛሬም ቀላል አልሆነም።

በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ሁለቱንም ርቀቶች አሸነፉ። ጥሩነሽ በአንድ ኦሊምፒክ ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ወልደመስቀል ግንቦት 8 ቀን 2008 ዓ.ም. ዐረፉ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የእንጦጦ ፓርክ ጎብኚ በዝቶበታል፤ ሯጮች ግን ዛሬም ጎሕ ሲቀድ በጫካው ውስጥ ዳገቱን ይወጣሉ።