የእበት ጋዝ ታሪክ፤ ከአምቦ እስከ ዋግ

ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ጋዝጊብላ ደጋ የሚዘልቅ መንገደኛ በየቤቱ ጥግ ተከምሮ የሚያየው ኩበት ተራ ነገር ይመስለዋል። ነገር ግን ያ ክምር ማሳው ያጣው ፍግ ነው። እንጨት በጠፋበት አገር እበቱ ወደ ምድጃ ይገባል፤ ምድጃ የገባውም ወደ እርሻ አይመለስም፤ መሬቱም በየዓመቱ ጉልበቱ ይደክማል። የዛሬው ንግግራችን፥ ፍጉን ሳያሳጣ እሳትና መብራት ስለሚሰጥ ጥበብ ነው።

እበት ከውኃ ጋር ተበጥብጦ አየር በማይገባው ጉድጓድ ሲቀመጥ፥ ዓይን የማያያቸው ረቂቃን ነፍሳት ያብላሉትና ሜቴን የሚበዛበት ተቀጣጣይ ጋዝ ይወጣዋል። ኢጣልያዊው ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1776 ይህንኑ ጋዝ ከሐይቅ ዳር ረግረግ ሰብስቦ መርምሮታል። በ1890ዎቹም የእንግሊዟ የኤክሰተር ከተማ ከፍሳሽ በወጣ ጋዝ የመንገድ ፋኖስ አብርታለች።

ወደ አገራችን የገባው በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት በኩል ነው። የሚያስገርመው፥ በዚያን ጊዜ የታሰበው ለወጥ ቤት አልነበረም፤ የእርሻ መሣሪያ ለመበየድ እንጂ። በዚህ ጉዳይ ብረት ሠሪው ባልቴቲቱን ቀደማት ቢባል ሐሰት አይሆንም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥርት ዓመታት አንድ ሺህ ያህል ጉድጓዶች በየስፍራው ተሠሩ፤ ዳሩ ግን ጠጋኝና ተከታታይ በማጣት ብዙዎቹ ሥራ አቆሙ።

በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በአማራ፥ በኦሮሚያ፥ በደቡብና በትግራይ ክልሎች ተጀመረ። ከኔፓል ንድፍ ተሻሽሎ የተሠራው ጉድጓድ «ስንዱ» ተባለ፤ ስሙ መልካም ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ 14 ሺህ ለመሥራት ታቅዶ የተፈጸመው ከ8 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ ቢሆንም ከዚያ በፊት በነበረው ግማሽ ምዕት ዓመት ከተሠራው ብዙ እጥፍ ነው።

እናንተ ማብሪያውን ተጭናችሁ ብርሃን የምታገኙ የከተማ ሰዎች፥ ገበሬው ለምን ፈጥኖ አልተቀበለውም ትሉ ይሆናል። ስንዱ ቢያንስ አራት ከብት ይሻል። አንድ ባልዲ እበት አንድ ባልዲ ውኃ ይጠይቃል፤ የዋግ ውኃ ደግሞ ከሩቅ ወንዝ በሴቶች ጀርባ የሚመጣ ነው። የደጋው ብርድ መብላላቱን ያዘገየዋል። ከሁሉም በላይ የእንጀራ ነገር አለ፤ ወጡና ቡናው በጋዙ ምድጃ ይበስላሉ፥ ሰፊው ምጣድ ግን በተለመደው የጋዝ ምድጃ አይግልም። ስለዚህ ጉድጓድ ያለው ቤት ሁሉ ከኩበት ተላቋል ማለት አይደለም።

ለጋዝጊብላ ዋናው ትርፍ፥ በእኔ አስተያየት፥ ከመብራቱ ይልቅ ዝቃጩ ነው። ጋዙ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ጭቃ ናይትሮጅኑን እንደ ያዘ ወደ ማሳ ይሄዳል። የውኃውንም ችግር በከፊል የሚያቃልል መንገድ አለ፤ የበረቱ ወለል በድንጋይ ተነጥፎ ወደ ጉድጓዱ ዘንበል ካለ፥ የከብቱ ሽንት ከውኃው ከፊሉን ይተካል።