የአቮሴት መመለስና የውኃው በር

በእንግሊዝ አገር ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በሳፎክ ግዛት፣ ከኦርፎርድ መንደር በጀልባ የሚደረስባት ሃቨርጌት የምትባል ዝቅተኛ ደሴት አለች። ዳርቻዋ ጨዋማ ረግረግ፣ መካከሏም በአፈር ግድብ የተከለለ፣ ጥልቀት የሌለው ጨዋማ ኩሬ ነው። በጸደይ ማለዳ ከመመልከቻው ዳስ ገብቶ በጸጥታ ለተቀመጠ ሰው፣ ላባው ነጭና ጥቁር፣ እግሩ ረጅም፣ ቀጭን መንቁሩም ወደ ላይ የቀና ወፍ ይታየዋል። ይህ ወፍ አቮሴት ይባላል። መንቁሩን በውኃው ውስጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያመላለሰ ጥቃቅን ፍጥረታትን ይለቅማል። ይህ ትዕይንት ዛሬ የተለመደ ቢሆንም፣ አቮሴት ለመቶ ዓመት ያህል በብሪታንያ ቋሚ የመራቢያ ሥፍራ አልነበረውም።

ወፉ የጠፋው በ19ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ገደማ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሲሆን፣ ምክንያቱም አንድ ብቻ አልነበረም። ረግረጉ ለእርሻና ለግጦሽ ሲባል ተጠነፈፈ፤ እንቁላሉ ለምግብ ተለቀመ፤ ላባው ለዓሣ ማጥመጃ ተፈለገ። ቁጥሩ በተመናመነ መጠንም የሰብሳቢዎች ጠመንጃ በረታበት፤ በዚያ ዘመን የወፍ ጥናት በአብዛኛው የሚካሄደው ወፉን ገድሎ በመመርመር ነበርና።

ወፉን የመለሰው ግን አስቀድሞ የታሰበ የጥበቃ ዕቅድ ሳይሆን ጦርነት ነው። በ1940 የጀርመን ጦር በባሕር እንዳይወርር ተብሎ በዚያው ጠረፍ የሚገኘው የሚንስሚር መስክ ሆን ተብሎ በውኃ ተጥለቀለቀ። በሃቨርጌትም በጦርነቱ ዘመን የውኃው መዝጊያ በር ተበላሽቶ ባሕሩ ወደ ደሴቲቱ ገባ። በ1947 ጥቂት ጥንድ አቮሴቶች በሁለቱም ሥፍራ እንቁላል ጥለው ተገኙ። የወፎች ጥበቃ ንጉሣዊ ማኅበር ወሬው ለእንቁላል ሌቦች እንዳይደርስ ምስጢሩን ጠብቆ ዘብ አቆመ። የጦር ሜዳ መነጽር የያዙ ሰዎችም ቀድሞ ጠመንጃ ይነጣጠርበት የነበረውን ወፍ ለመጠበቅ ማልደው ይወጡ ጀመር። በ1948 ማኅበሩ ሃቨርጌትን ገዛ።

ሆኖም መመልከትና ዘብ መቆም ብቻውን አልበቃም። በሃቨርጌት አይጦች እንቁላሉን ስለ በሉ እነርሱን ማጥፋት ግድ ሆነ፤ ግድቡን መጠገን፣ በሩንም እየከፈቱና እየዘጉ የውኃውን ከፍታና ጨውነት መመጠን አስፈለገ። በሚንስሚር ግን መስኩ ለወፉ የሚስማማ ሆኖ ባለመቆየቱ፣ አቮሴት እንደገና እንቁላል የጣለው በ1963 ነው። ይህም የሆነው በ1959 የሥፍራው ኀላፊ የሆነው በርት አክሰል ጥልቀት የሌለው ኩሬ አስቆፍሮ በመካከሉ ትንንሽ ደሴቶችን ማሠራት ከጀመረ በኋላ ነው። ዛሬ በብሪታንያ ከ1,500 የሚበልጡ ጥንዶች ይራባሉ።

አቮሴት ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆው የአቢጃታ ሐይቅ ዳርቻ ይታያል። ሐይቁ ግን ገባሮቹ ለመስኖ በመጠለፋቸውና ውኃው ለሶዳ አመድ ምርት በመወሰዱ ባለፉት አሥርተ ዓመታት እጅግ ሸሽቷል። በዚያ ማለዳ ተነሥቶ ወፍ የሚቆጥር ባለሙያ መዝገቡ የተሟላ እንዲሆን፣ ከወፉ ቁጥር ጎን የውኃውንም ከፍታ መጻፍ አለበት። የሃቨርጌት ታሪክ የሚያስረዳው፣ ወፉን ያጠፋውም የመለሰውም በመጀመሪያ ውኃው መሆኑን ነው።