የኮከብ ብርሃን ሲለዋወጥ ማን መዘገበው?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ ሲወጡ የምትገኘው ሮብ ገበያ፣ ስሟ እንደሚናገረው፣ የረቡዕ ገበያተኛ የሚሰበሰብባት የደጋ ከተማ ናት። በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር ሰማዩ ጠርቶ ብርዱ ሲበረታ፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ ጋቢውን ደርቦ ደጅ የወጣ ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን ቢያዞር የተገለበጠ «ሠ» የሚመስሉ አምስት ኮከቦች ያገኛል። ዐረቦች ይህችን ስብስብ «ዛቱል ኩርሲ»፣ ባለ ወንበሯ ይሏታል። ከእርሷ ከፍ ብሎ በስተቀኝ ደግሞ «ረእሱል ጉል»፣ የጭራቅ ራስ የተባለው ኮከብ አለ። ፈረንጆችም ስሙን ከዐረብኛው ወስደው አልጎል ይሉታል።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በእነዚህ ሁለት ስፍራዎች ላይ ነው። አንደኛው ብርሃኑ ሲለዋወጥ በባዶ ዓይን ይታያል። ሁለተኛው ከባለ ወንበሯ የቀኝ ዳር ኮከብ ትንሽ ወደ ቀኝ ይገኛል፤ ነገር ግን ያለ መሣሪያ ማንም አያየውም።

በሬይ ከተማ የተወለደው ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ (903–986) በ353 ሂጅራ ገደማ፣ ማለትም በ964 እ.ኤ.አ.፣ የቋሚ ኮከቦችን መጽሐፍ አዘጋጀ። በጥሊሞስ ከዘረዘራቸው ከአንድ ሺህ በላይ ኮከቦች የእያንዳንዱን ድምቀት በራሱ ዓይን ተመልክቶ፣ የተሳሳተውን አርሞ ጻፈ። ረእሱል ጉልም በመዝገቡ ውስጥ አለ። አንዳንድ ጸሐፊዎቻችን «ጭራቅ ያሉት ብርሃኑ እንደሚለዋወጥ ስላወቁ ነው» እያሉ ሲኩራሩ እንሰማለን። በአስ-ሱፊ መጽሐፍ ግን ይህ አልተጻፈም። ስሙም የመጣው በእጁ የተቆረጠ ራስ ከያዘው ከግሪኮቹ ጀግና ሥዕል ነው። ሰውየው ያልጻፈውን ጻፈ ማለት ውለታውን መመለስ አይደለም። ያየውን ብቻ መጻፉ በቂ ክብር ነው።

ብርሃን ሲለዋወጥ አይተው የጻፉ ሙስሊም ሊቃውንት ግን አሉ። በ396 ሂጅራ (1006 እ.ኤ.አ.) በደቡብ ሰማይ ላይ ድንገት አዲስ ኮከብ ፈነጠቀ። በግብፅ ይኖር የነበረው ዐሊ ኢብኑ ሪድዋን፣ ያን ጊዜ ገና ተማሪ፣ ኋላ ስመ ጥር ሐኪም የሆነ ሰው፣ ኮከቡ ከዙህራ (ቬነስ) ሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ የሚበልጥ መስሎ እንደታየው፣ ብርሃኑም ከጨረቃ ሩብ ጥቂት ከፍ እንደሚል መዝግቧል። ይህን ያሰፈረው በኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ላይ በጻፈው ማብራሪያ መሆኑ ለእኛ ባይጥመንም፣ ምስክርነቱ ግን ጥንቁቅ ነው፤ የፕላኔቶቹን ቦታ ሳይቀር ጽፏል። ኢብኑ ሲና ደግሞ ኮከቡ ወደ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ መጀመሪያ ወደ ጥቁረትና አረንጓዴነት ያዘነበለ መስሎ፣ ኋላ እየነጣ፣ እየደበዘዘ እንደጠፋ አስፍሯል። ከየመንም ዘገባ ተገኝቷል። ያ ኮከብ ከጮቄ ሥር ሆኖ ለሚመለከት ሰው በደቡብ በኩል ከግብፅ ይልቅ ከፍ ብሎ የሚታይ ነበር። የአባይን ውሃ ወደ ካይሮ የላከችው አገር ሰዎችም በዚያ ወቅት ቀና ብለው አይተውት ይሆናል፤ የካይሮው ሰው ግን ጻፈው።

ረእሱል ጉል ምስጢሩ የተገለጠው በ1783 እ.ኤ.አ. ነው። በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ የሚኖር ጆን ጉድሪክ የተባለ መስማት የተሳነው የ18 ዓመት ወጣት ኮከቡ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው እንደሚደበዝዝ አስታወቀ። ምናልባት ሌላ አካል እየዞረ ይጋርደው ይሆናል ሲልም ገመተ። ትክክል ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደማይታየው እንሂድ። ስሙ የመዝገብ ቁጥር ነው፤ ኤል-ኤስ-አይ 61 303 ይባላል። ርቀቱ ከ6 ሺህ የብርሃን ዓመት በላይ ነው። ዓይናችን ሊያየው ከሚችለው እጅግ ደብዛዛ ኮከብ እንኳ ከ70 ጊዜ በላይ የደበዘዘ ነው። በ1970ዎቹ ኮስ-ቢ የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት ከዚያ አካባቢ ጋማ ጨረር ሲመጣ አገኘች። ጋማ ጨረር በሐኪም ቤት ከምናውቀው ራጅ የሚበልጥ ጉልበት ያለው የብርሃን ዓይነት ነው፤ የምድር አየር ስለሚያግደው እኛ ዘንድ አይደርስም። ምንጩ ይህ ኮከብ ስለመሆኑ ብዙ ዓመት ሲከራከሩ ቆይተው፣ በካናሪ ደሴቶች የሚገኘው ማጂክ ቴሌስኮፕ በ2006 እ.ኤ.አ. እጅግ ብርቱ ጋማ ጨረሩን አሳየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰማያዊ፣ ትልቅና ትኩስ ኮከብ በፍጥነት እየሾረ ከወገቡ ጋዝ ይረጫል፤ ጋዙም እንደ ቀለበት ይከበዋል። አንድ ትንሽ ጓደኛ ደግሞ ሞላላ መንገድ ይዞ በየ26 ቀን ተኩል ይዞረዋል። ጓደኛው ምን እንደሆነ ለአርባ ዓመት ያህል ሲያከራክር ኖሯል። በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ግን የቻይናው ግዙፍ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ፋስት በሰከንድ አራት ጊዜ ገደማ የሚመታ ምልክት ከዚያ አቅጣጫ መያዙ ተገለጸ። እንግዲያውስ ጓደኛው ተሽከርካሪ የኒውትሮን ኮከብ ነው።

የሚታየው ብርሃኑም ከዚሁ ዙር ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። እንደ ረእሱል ጉል መጋረድ አይደለም፤ ጓደኛው ሲቀርብና ሲርቅ ቀለበቱ የሚናወጥ ይመስላል። ለውጡ ከጠቅላላ ብርሃኑ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ በመሆኑ በግምት አይያዝም። ታዛቢው ኮከቡንና በአጠገቡ ያሉትን የማይለዋወጡ ኮከቦች በአንድ ፎቶ ያነሳቸዋል። ከዚያም የእርሱን ብርሃን በእነርሱ ይለካል፤ በሮብ ገበያ የሚጠረጠርን ቁና በታወቀ ቁና እንደሚያመሳክሩት ማለት ነው። አየሩ ቢጎም ሁሉንም እኩል ስለሚያደበዝዝ ንጽጽሩ አይናጋም። ይህን ደግሞ አንድ ሌሊት ሳይሆን ለወራት መደጋገም ይጠይቃል። በራዲዮ ሞገድ ሲታይ 1667 ቀን፣ አራት ዓመት ተኩል ያህል የሚፈጅ ሌላ ረጅም ዑደት አለውና፣ እሱን መከታተል የሚሻ ሰው ዓመታትን መቁጠር አለበት።

አፍሪካ ከዚህ ሥራ ውጪ አይደለችም። በናሚቢያ ደጋ ላይ የተተከሉት የሄስ ቴሌስኮፖች በ2005 እ.ኤ.አ. በየ3.9 ቀኑ የሚዞር ሌላ የጋማ ጥንድ አስታውቀዋል። በ2010 ደግሞ ኢብኑ ሪድዋን ካየው ኮከብ ፍርስራሽ ጋማ ጨረር መያዛቸውን ገልጸዋል። በአገራችንም በ2004 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በእንጦጦ ላይ፣ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች አቁሟል፤ ጣቢያው የተመረቀው በ2015 ነው። ከባለ ወንበሯ አጠገብ ላለው ጥንድ ይህ መጠን ከበቂ በላይ ነው። የሚያስቸግሩት የአዲስ አበባ መብራትና የክረምቱ ደመና ናቸው።

በየዓመቱ የረመዳን ጨረቃ ስትጠበቅ «ማን አየ? የት? በስንት ሰዓት?» ብለን እንጠይቃለን። ልጆቻችን ይህን ጥያቄ ያውቁታል። ለረእሱል ጉል ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፤ ደብተርና ሰዓት ይበቃል። በአጠገቡ ካሉት ኮከቦች ጋር እያስተያዩ ድምቀቱን መጻፍ ነው። ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ እኩለ ሌሊት ላይ እጅግ ደብዝዞ ከተገኘ፣ ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ከ49 ላይ እንደገና ደብዝዞ ይጠብቃቸዋል።